ጅማ ላይ በቀርከሃ ጉንጉን ኮርኒስና ግድግዳ መሥራት፦ ከቆረጣ እስከ ልስን

ጅማ ዙሪያ ገጠር ብቅ ያለ ሰው ጎምቢሳ የሚባለውን የእህል ጎተራ ያውቀዋል። ግድግዳው በቀርከሃ ስንጥር ወይም በቀጫጭን እንጨት የተጎነጎነ ነው። ከመሬት ከፍ ብሎ በእግር ላይ ይቆማል። ክዳኑ ከግድግዳው አልፎ ወደ ውጭ ይወርዳል። ውኃ ከታችም ከላይም አያገኘውም፣ በጎን ግን አየር እንደልቡ ያልፍበታል። እህሉም ጉንጉኑም ደርቀው የሚከርሙት በዚህ ነው።

ይህ መመሪያ ያንኑ ብልሃት ወደ ዛሬ ቤት ስለማምጣት ነው። ቆርቆሮ ጣራ፣ የድንጋይ መሠረት፣ መብራትና ውኃ ያለው ቤት ማለቴ ነው። ጉንጉን ሥራ ካፌና ሎጅ ውስጥ ለጌጥ ብቻ ተለጥፎ ብዙም ሳይቆይ ሲሻግት ማየት ያሳዝነኛል። ከዚያ በኋላ ሰው "ቀርከሃ አይበረክትም" ይላል። ቀርከሃ ይበረክታል። የማይበረክተው ሳይታከም ተሠርቶ እርጥብ ቦታ የተቀመጠው ነው። ስለዚህ ስለ ቦታ ምርጫና ስለ ማከሙ ከመጎንጎኑ እኩል ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ቦታውን ምረጡ

ጅማ 1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ታገኛለች። ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ እየመጣ ይሄዳል። ደህና ደረቅ ጊዜ የምናገኘው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ለቆላ ከተማ የሚሆን የጉንጉን አሠራር እዚህ አይሠራም።

ከቀላሉ ወደ ከባዱ ላስቀምጠው። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሠሩ ከሆነ ከኮርኒስ ጀምሩ። ኮርኒስ ዝናብ አይነካውም፣ ክብደት አይሸከምም፣ ስህተት ቢኖረው እንኳ አውርዶ ማስተካከል ይቻላል። ጥቅሙም ወዲያው ይታያል። ቆርቆሮ ስር ያለ ክፍል ቀን ይግላል። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ሰው ከሰው አይደማመጥም። ጥቅጥቅ ያለ ጉንጉን ሁለቱንም ይቀንሳል። ቀጥሎ የውስጥ መከፋፈያ ግድግዳ ይመጣል። ከዚያ በረንዳ ላይ የጸሐይ መከለያ። የውጭ ግድግዳ የመጨረሻው ነው፤ እሱም በጭቃ ተመርጎ፣ ከድንጋይ መሠረት በላይና ሰፊ የጣራ ክንፍ ስር ብቻ።

ስለ መሠረቱ አጭር ቃል፦ ጉንጉኑ ከመሬት ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ከጣራ የሚወርድ ውኃ መሬት መትቶ የሚረጨው ጭቃ እስከዚያ ድረስ ይደርሳል። የጣራው ክንፍ ከግድግዳው 80 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ይውጣ። አሸንዳ ካላችሁ በጣም ጥሩ። ጅሬን ላይ ያለውን የአባ ጅፋር 2ኛ ቤተ መንግሥት ሄዳችሁ ስታዩ ዓይናችሁን ከእንጨት ቅርጹ ትንሽ አንሱና በረንዳውንና የጣራውን ክንፍ ተመልከቱ። ዝናብ ግድግዳውን በቀጥታ እንዳያገኘው የሚከለክሉት እነሱ ናቸው።

የዶርዜ ቤትም ይህንኑ በሌላ መንገድ ያሳያል። ቤቱ ከላይ እስከ ታች በቀርከሃ የተጎነጎነ ነው። የሚበላሸው ግን ከግርጌው ነው። ምስጥ ከስር ሲበላው ግርጌው ይቆረጥና ቤቱ ቀስ በቀስ እያጠረ ይሄዳል። የላይኛው ጉንጉን ደህና ነው፤ ችግሩ ያለው መሬት የነካው ክፍል ላይ ነው። እኛ ድንጋይና ሲሚንቶ ስላለን ከመሬቱ ማላቀቅ እንችላለን።

የትኛው ተክል ለምን

የደጋ ቀርከሃ ለመጎንጎን የሚመረጠው ነው። ውስጡ ክፍት ነው፣ ቀጥ ብሎ ይሰነጠቃል፣ ስንጥሩ ይታጠፋል። ከ2,200 ሜትር በላይ ባለ ቀዝቃዛ ደጋ ይበቅላል። ጅማ ከተማ ራሷ ለእሱ ዝቅ ያለች ስለሆነች ከደጋው ማምጣት ያስፈልጋል። በደቡብ ምዕራብ በኩል የሸካው ማሻ አካባቢ በቀርከሃ ደኑ ይታወቃል።

ሽመል ወይም የቆላ ቀርከሃ የምንለው ሌላ ነው። ውስጡ ድፍን ነው ማለት ይቻላል። ለስንጥር ያስቸግራል፣ ለቋሚና ለችካል ግን አንደኛ ነው።

ሸምበቆ ለኮርኒስ ይሆናል። ቀላል ነው፣ ዋጋውም አይጎዳም። ለግድግዳ ግን ደካማ ነው። ቄጠማና ሌላውን የረግረግ ሳር ከቦዬም ሆነ ከሌላ ረግረግ ስታስቆርጡ ሥሩ እንዳይነቀል ተጠንቀቁ። ረግረግ የጎርፍን ደለል የሚያጣራ፣ ወፍ የሚራባበት ቦታ ነው። ከላይ ከተቆረጠ መልሶ ይበቅላል፤ ከተነቀለ ግን ቦታው ይራቆታል።

ለማሰሪያ ቃጫ አለ። የእንሰት ቃጫ ጠንካራ ነው፣ እዚሁ አካባቢ ይገኛል፣ ርጥብ አድርጋችሁ ስታስሩት ሲደርቅ ይጠብቃል። ውኃ በማያገኘው ውስጠኛ ቦታ ሁሉ ከሽቦ ይልቅ ቃጫ እመርጣለሁ። ሽቦ ቀርከሃውን ይቆርጠዋል፣ በእርጥበት ጊዜም ይዝጋል። ጭነት ባለበት ቦታ ግን ጥቁር ሽቦ ወይም ቡሎን ተጠቀሙ፤ እዚህ ላይ ባህላዊ ለመሆን ብላችሁ ቃጫ አትጠቀሙ።

ቬቲቨር ሳርንም አትርሱ። ወደ ኢትዮጵያ የገባው መልኮ ባለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል በኩል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ቡና ውስጥ አፈር እንዲይዝ የተተከለው ሥሩ በጣም ጥልቅ ስለሆነ ነው። ቅጠሉ ደግሞ ጥሩ የጣራ ክዳን ይወጣዋል። ቤታችሁ ተዳፋት ላይ ከሆነ ከመሠረቱ በታች በመስመር ትከሉት። አፈሩን ይይዝላችኋል፣ በየጊዜው ስታጭዱትም ለጎጆ ወይም ለመናፈሻ የሚሆን ክዳን ታገኛላችሁ።

ቆረጣና ግዢ

ዕድሜው 3 ዓመት የሞላው ቀርከሃ ያስፈልጋችኋል። እስከ 5 ዓመት ድረስ ጥሩ ነው። ከዚያ ያነሰው ለጋ ነው፤ ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ነቀዝም ይወደዋል። ዕድሜውን በዓይን መለየት ይቻላል። ለጋው ላይ አንጓውን የሸፈነ ቅርፊት አለ፣ ቆዳውም ነጭ ብናኝ የተነሰነሰበት ይመስላል። የበሰለው ቅርፊቱን ጥሏል፣ ቀለሙ ደብዝዟል፣ ሽበት የሚመስል ነጠብጣብ ይዟል። በገጀራ ጀርባ ስትመቱት ድምፁ ጠጣር ነው።

ቆረጣው ከኅዳር እስከ ጥር ይሁን። በደረቁ ወቅት በግንዱ ውስጥ ያለው እርጥበትና ስኳር ይቀንሳል። ነቀዝን የሚጠራው ያ ስኳርና ስታርች ነው። ከራሳችሁ ማሳ የምትቆርጡ ከሆነ ከመሬት በላይ ካለው የመጀመሪያ ወይም ሁለተኛ አንጓ ላይ ጠጋ አድርጋችሁ ቁረጡ። ከአንጓው በላይ ረዥም ጉቶ ካስቀራችሁ ዝናብ ይጠራቀምበትና ሥሩ ይበሰብሳል። ለጋዎቹን ተዉአቸው፤ ከበሰሉትም የተወሰኑትን አስቀሩ።

ከነጋዴ ስትገዙ ሦስት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ጫፉ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የሚመስሉ ብስ ነገሮች ካሉና ዱቄት ከፈሰሰ ነቀዝ ገብቷል፤ አትግዙ። ሁለተኛ፣ ጸሐይ ላይ ተጋድሞ የተሰነጠቀውን ለይታችሁ አስቀሩ። ሦስተኛ፣ መቼ እንደተቆረጠ ጠይቁ። ለስንጥር የሚሻለው ከተቆረጠ ብዙ ያልቆየው ነው። የደረቀ ቀርከሃ ይሰነጠቃል፣ ግን እጅ ይበላል፣ ስንጥሩም ይሰበራል።

መሰንጠቅ

የሚያስፈልገው ዕቃ ትንሽ ነው፦ ስለታም ገጀራ፣ ጠባብ ቢላ፣ የእንጨት መዶሻ፣ መጋዝ፣ ሜትርና ወፍራም ጓንት። ጓንቱን ችላ አትበሉ። የቀርከሃ ጠርዝ እንደ ምላጭ ይቆርጣል።

ግንዱን መጀመሪያ በምትፈልጉት ርዝመት በመጋዝ ቁረጡ። ለ1 ሜትር ክፈፍ 1 ሜትር ከ20 አድርጉት። ገጀራውን ጫፉ ላይ መሐል ለመሐል አስቀምጡና በእንጨት መዶሻ ምቱ። ለሁለት፣ ከዚያ ለአራት፣ ከዚያ ለስምንት። ውፍረቱ 7 ሳንቲ ሜትር የሆነ ግንድ 2.5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው 8 ስንጥሮች ይሰጣል።

ስንጥቁ አንዳንዴ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። አንዱ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን ሆኖ መውጣት ይጀምራል። እዚህ ጋ ገጀራውን አትግፉት። ቁሙና ወፍራሙን ወገን በእጃችሁ ይበልጥ አጉብጡት። ስንጥቁ ወደ ጎበጠው ወገን ይመለሳል። ቅርጫት የሚሠሩ ሰዎችን እጅ ልብ ብላችሁ ብታዩ ገጀራው የሚያስጀምረው ብቻ ነው፤ ቀሪውን የሚመራው የሁለቱ እጆች ማጉበጥ ነው።

ቀጥሎ መላጥ ይመጣል። እያንዳንዱን ስንጥር በውፍረቱ ለሁለት ክፈሉት። የውጩ ክፍል ቆዳውን የያዘው ነው፤ ጠንካራና ውኃ የማያስገባ ነው። የውስጡ ለስላሳና ነጣ ያለ ነው፤ ነቀዝ መጀመሪያ የሚገባው በእሱ ነው። ለግድግዳና ለቋሚ ጉንጉን የውጩን ብቻ ተጠቀሙ። የውስጡ ለኮርኒስ ይሆናል፣ በሚገባ ከታከመ። የመጨረሻው ውፍረት ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይሁን። አንጓው ላይ ያለውን እብጠት በቢላ አስተካክሉ። እብጠቱ ከቀረ ስንጥሮቹ አይጠጋጉም።

አንዱን ስንጥር ያዙና በዝግታ እንደ ቀስት አጉብጡት። ቅስቱ እኩል ከሆነ ውፍረቱ እኩል ነው። አንድ ቦታ ላይ ሹል ሆኖ ከታጠፈ እዚያ ጋ ቀጥኗል፤ ለግድግዳ አታስገቡት።

ማከም

ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ይሄ ነው። ሁለት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው ውኃ ብቻ ነው። ስንጥሩን አስራችሁ ውኃ ውስጥ ትነክሩታላችሁ። ድንጋይ ጭናችሁበት ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይቆያል። ስኳሩና ስታርቹ ወደ ውኃው ይወጣል። የቆመ ውኃ ከሆነ በየጥቂት ቀኑ ቀይሩት፤ ሽታው ከባድ ነው፣ ይህ ግን ሥራው እየተሠራ መሆኑን ነው የሚነግራችሁ። ገንዘብ አያስወጣም። መከላከያውም መጠነኛ ነው፤ የነቀዙን ምግብ ይቀንሳል እንጂ ነቀዙን አይገድልም፣ ምስጥንም አይከለክልም። ለጊዜያዊ መከለያ ይበቃል።

ሁለተኛው ቦሪክ አሲድና ቦራክስ ነው። ለሰው መኖሪያ የሚሠራ ከሆነ ይህንን እመክራለሁ። ኬሚካል የሚሸጡ ሱቆች ውስጥ ይገኛል። ለ100 ሊትር ውኃ 2 ኪሎ ቦሪክ አሲድና 3 ኪሎ ቦራክስ። መጀመሪያ በትንሽ ሙቅ ውኃ አሟሙት፣ ከዚያ ወደ ትልቁ ጨምሩት። በቀዝቃዛ ውኃ ቶሎ አይሟሟም፣ ዱቄቱ ከስር ይተኛል።

ገንዳ ከሌላችሁ መሬት ቆፍራችሁ ወፍራም ፕላስቲክ አንጥፉበት። ስንጥሩ ሙሉ በሙሉ መጥለቅ አለበት፤ ከላይ ድንጋይ ጫኑበት። ስንጥር ከሆነ 4 ወይም 5 ቀን ይበቃዋል። ሙሉ ግንድ ከሆነ አንጓዎቹን በረዥም ብረት በውስጥ በኩል ብሱና ከ10 እስከ 14 ቀን አቆዩት። አንጓው ካልተበሳ መድኃኒቱ ወደ ውስጥ አይገባም፤ የቀርከሃ ቆዳ ውኃ አያሳልፍምና።

ሦስት ማስጠንቀቂያ አለ። ገንዳውን ልጆችና ከብት በማይደርሱበት ቦታ አድርጉት፣ ክዳንም ይኑረው። የተረፈውን ወደ አዌቱ ወንዝም ሆነ ወደ ጓሮ አትድፉት። ቦሮን ሲበዛ ተክል ያደርቃል፤ ቡናችሁን ልታጡ ትችላላችሁ። አጣርታችሁ አስቀምጡና ለሚቀጥለው ዙር የጎደለውን እየሞላችሁ ተጠቀሙበት። ሌላው፣ ይህ መድኃኒት በዝናብ ይታጠባል። ዝናብ የሚመታው ቦታ ላይ ያለ ጉንጉን ቦራክስ ነክቶታል ብላችሁ እንዳትተማመኑ። የጣራ ክንፍ ያስፈለገው ለዚህም ጭምር ነው።

የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚቀቡ አሉ። እኔ ቤት ውስጥ አላስገባውም። ይሸታል፣ እሳት ይይዛል፣ አፈርና ጉድጓድ ውኃ ያበላሻል።

ከገንዳ የወጣውን ጥላ ስር አቁማችሁ አንጠፍጥፉት። ለመጎንጎን ሙሉ በሙሉ እንዲደርቅ አትጠብቁ። ትንሽ እርጥበት ሲኖረው ይታዘዛል።

ክፈፉና ጉንጉኑ

ትልቅ ግድግዳ አንዴ ከመጎንጎን በ1 ሜትር በ2 ሜትር ክፈፍ ከፋፍሎ መሥራት ይሻላል። መሬት ላይ ተቀምጣችሁ ትሠራላችሁ፣ ሁለት ሰው ተሸክሞ ያቆመዋል፣ አንዱ ቢበላሽ አንዱን ብቻ ትቀይራላችሁ።

ክፈፉ ከ5 በ7 ሳንቲ ሜትር የባሕር ዛፍ ሞራሌ (አራት ማዕዘን ሆኖ የተሰነጠቀ እንጨት) ይሠራ፣ የደረቀ ይሁን። እርጥብ ሞራሌ ሲደርቅ ይጣመምና ጉንጉኑን ይዞት ይሄዳል። ላይና ታች ባሉት አግዳሚዎች ላይ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ቀዳዳ ብሱ። በቀዳዳዎቹ 4 ቋሚ ታስገባላችሁ፤ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ሽመል ይሻላል። ቀርከሃ ላይ በቀጥታ ሚስማር አትምቱ፣ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ በድሪል ብሱ።

አሁን ጉንጉኑ። የመጀመሪያውን ስንጥር ከአንደኛው ቋሚ ፊት፣ ከሁለተኛው ኋላ፣ ከሦስተኛው ፊት፣ ከአራተኛው ኋላ እያደረጋችሁ አሳልፉት። የሚቀጥለውን በተቃራኒው። ለጭቃ ግድግዳ ከሆነ በሁለት ስንጥሮች መካከል 2 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ተዉ፤ ጭቃው የሚይዘው በእሱ ነው። ያኔ ለአንድ ክፈፍ 44 ያህል ስንጥር ይገባል። ሁለት ደህና ቀርከሃ ይበቃችኋል፣ ሦስተኛውን ለመጠባበቂያ ያዙ። ጭቃ የማይነካው መከፋፈያ ከሆነ ስንጥሩን አጠጋጉ፤ ቁጥሩ ወደ 80 ይደርሳል።

ጭቃ የሚገባበት ግድግዳ ላይ የስንጥሩን ቆዳ አንዱን ወደ ፊት፣ አንዱን ወደ ኋላ እያደረጋችሁ አፈራርቁ። ቆዳው ለስላሳ ስለሆነ ጭቃ አይዝም። ሻካራው የውስጥ ፊት በሁለቱም በኩል መገኘት አለበት።

በየ10 ስንጥሩ ቆም ብላችሁ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያላችሁ ወደ ታች ጠቅጥቁት። ውኃ ልክ አስቀምጡና እዩ፤ አንድ ጎን ከፍ ብሎ ከሆነ አሁኑኑ አስተካክሉ። ከላይ ሲደርስ ይዘገያል። ከጨረሳችሁ በኋላ ጫፎቹን ወዲያው አታስሩ። ክፈፉን ጥላ ስር ለአንድ ሳምንት አቁሙት። ስንጥሩ ሲደርቅ ይጠባል፣ ጉንጉኑም ይላላል። እንደገና ጠቅጥቃችሁ ወይም አስተካክላችሁ፣ ከላይ የጎደለውን አንድ ሁለት ስንጥር ጨምራችሁ፣ ያኔ ጫፎቹን በሊስትሎ (በቀጭን የእንጨት ዘንግ) ከክፈፉ ጋር ያዙት፤ የተረፈውን በመጋዝ ቁረጡ።

ይህን የሚችሉ ሰዎች በዙሪያችን አሉ። የቡና ማድረቂያ አልጋ ምንጣፍ የሚሠሩ፣ ቅርጫት ሠሪዎች፣ ቀፎ የሚጎነጉኑ። ሂርማታ ገበያ ሄዳችሁ ቅርጫት የሚሸጡትን ጠይቁ፤ ራሳቸው ባይሠሩም ሠሪውን ያውቁታል። የመጀመሪያውን ክፈፍ በቀን ሒሳብ አሠሩ፣ ጊዜው ስንት እንደሚወስድ አብራችሁ እዩ። ከዚያ በክፈፍ ተዋዋሉ። ዋጋውን ከቅርጫት ጋር አታወዳድሩ። ይህ የቤት ግድግዳ ነው፣ የሚከፈለውም እንደ አናጢ ሙያ ነው። ሙያው ተተኪ የሚያገኘው ሰው ኖሮበት ሲያይ ነው።

ኮርኒስ

ለኮርኒስ ሁለት ዘሎ ሁለት የሚባለውን ጉንጉን ተጠቀሙ። ስንጥሩ ከሁለት ስንጥር በላይ አልፎ ከሁለት ስር ይገባል፤ ቀጣዩ ረድፍ በአንድ ይሸሻል። ሰያፍ መስመር ይሠራል፣ ጥቅጥቅ ይላል፣ አቧራም እንደልቡ አያስወርድም። ስንጥሩ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይሁን።

መጠኑን ከሊስትሎው ርቀት ጋር አስማሙ። ሊስትሎ በ60 ሳንቲ ሜትር ርቀት ከተመታ 60 በ1 ሜትር ከ20 ምንጣፍ ይመቻል። ከስር በቀጭን የእንጨት ጠርዝ ያዙት፣ ሚስማር ሳይሆን ብሎን ይሁን። አንድ ቀን ሽቦ ለመጠገን ወይም ጣራው ሲያፈስ ለማየት መፍታታችሁ አይቀርም።

ኮርኒሱና ቆርቆሮው መካከል አየር የሚያልፍበት ቦታ ይኑር፣ በሁለቱም ጫፍ ክፍት የሆነ፣ ወፍና አይጥ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ የተዘጋ። በክረምት ከቆርቆሮው ስር የሚጤዘው ውኃ የሚደርቀው በዚህ አየር ነው። አየር ከሌለ ጤዛው ጉንጉኑ ላይ ይንጠባጠባል፣ ጥቁር ሻጋታ ይወጣል።

ለማስዋብ ቫርኒሽ ወይም የተልባ ዘይት መቀባት ይቻላል። ዘይት የነካ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ ላይ አትጣሉ። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፣ የተጠቀለለ ጨርቅ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት።

ጭቃውና ምርጊቱ

የጅማ ቀይ አፈር ለምርጊት ጥሩ ነው። ጥቁሩን መረሬ አትጠቀሙ፤ ሲደርቅ በሰፊው ይሰነጠቃል። የላይኛውን ፍግ የበዛበት አፈር ገፍታችሁ ከሥሩ ቆፍሩ።

አፈሩ ምን ያህል አሸዋ እንደሚፈልግ ለማወቅ ሙከራ አድርጉ። ሦስት ዓይነት አዘጋጁ፦ አፈር ብቻ፣ 3 እጅ አፈር ከ1 እጅ አሸዋ፣ 2 እጅ አፈር ከ1 እጅ አሸዋ። ሁሉም ላይ እኩል ጭድ ጨምሩ። አንድ የተጎነጎነ ቁራጭ ላይ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ምረጉና ጥላ ስር አድርቁ። በጥፍር ስትፍቁት የማይረግፍና ስንጥቁ ቀጭን የሆነውን ምረጡ። በተለይ ውጭ ለሚታይ ግድግዳ ይህ ሙከራ ብዙ ወጪ ያድናል።

ጭዱ የጤፍ ይሁን። በስፍር 2 እጅ አፈር ለ1 እጅ ያልታመቀ ጭድ ብላችሁ ጀምሩ። በውኃ አርሳችሁ በእግር ርገጡት። ከዚያ ሸፍናችሁ ከ1 እስከ 2 ሳምንት አቆዩት፣ በየሁለት ሦስት ቀኑ እየረገጣችሁ። ጭዱ ሲላላና ጭቃው ሲጠነባ ተዘጋጅቷል። የቦካ ጭቃ እጅ ላይ እንደ ሊጥ ይለጥጣል፣ ግድግዳ ላይም ይጣበቃል።

ምርጊቱን በሁለት ሰው ሥሩ፤ አንዱ ከውስጥ፣ አንዱ ከውጭ፣ ፊት ለፊት። ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ በመዳፍ ስትገፉ ጭቃው በክፍተቶቹ አልፎ መሐል ላይ ይገናኛል። ሲደርቅ ሁለቱ ፊቶች ጉንጉኑን መሐል ይዘው አንድ ይሆናሉ። አንዱ ወገን ቀድሞ ከደረቀ አይገናኙም፣ ትንሽ ቆይቶ ምርጊቱ ቅርፊት ሆኖ ይወርዳል። የመጀመሪያው ምርጊት በእያንዳንዱ በኩል ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ፊቱን አታለስልሱት፣ በጣት ጫር ጫር አድርጉት።

ከ2 እስከ 3 ሳምንት አድርቁ። ስንጥቅ ይወጣል፤ አትደንግጡ። ሁለተኛው ምርጊት የሚገባበት ቦታ ነው። ግድግዳውን በውኃ ረጭታችሁ በተነፋ አፈርና አሸዋ አንድ ሳንቲ ሜትር ልስን ስጡት። የመጨረሻው ልስን ውስጥ እበት ጨምሩ፤ ስንጥቅ ይቀንሳል፣ ፊቱም ይጠነክራል። ሽታው ከደረቀ በኋላ አይቆይም። ለውጭ ግድግዳ ከላዩ ኖራ ቀቡ። ሲሚንቶ ግን አትለስኑበት። ሲሚንቶ ውስጥ የገባ እርጥበት መውጫ ያጣል፣ ከጀርባው ያለው ቀርከሃ ሳይታይ ይበሰብሳል።

የዓመቱን ሥራ እንዲህ አድርጋችሁ ብታቅዱት ዝናብ አይቀድማችሁም። ቆረጣ በኅዳር፣ መሰንጠቅና ማከም በታኅሣሥ መጀመሪያ፣ ጉንጉን እስከ ጥር አጋማሽ፣ የመጀመሪያ ምርጊት በጥር መጨረሻ፣ ልስኑ በየካቲት። ጭቃውን ጉንጉኑ በሚሠራበት ጊዜ አብኩት። መጋቢት ላይ ምርጊት የጀመረ ሰው ያልደረቀ ግድግዳ ይዞ ክረምት ይገባል።

መብራት፣ እሳትና ፈቃድ

የመብራት ሽቦ ጉንጉን ውስጥ ራቁቱን አይሂድ። በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይሁን፣ ማከፋፈያ ሳጥኖቹም ክዳን ይኑራቸው፣ ከውጭ የሚደረስባቸው ይሁኑ። ሙቀት የሚያወጣ አምፖል ኮርኒሱን አይንካ። ማገዶ የሚነድበት ማድ ቤት ላይ ያልተመረገ ጉንጉን አትሥሩ። በሁለት በኩል የተመረገ ግድግዳ እሳትን ከባዶ ቀርከሃ እጅግ በተሻለ ይቋቋማል።

ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የከተማውን ማዘጋጃ ቤት የግንባታ ክፍል ጠይቁ። የውስጥ ኮርኒስና መከፋፈያ ብዙ ጊዜ አያወዛግብም። ለአዲስ ቤት ግን ክብደቱን የሚሸከመው ምን እንደሆነ በፕላኑ ላይ ግልጽ ይሁን። እዚህ በጻፍኩት አሠራር ጣራውን የሚሸከሙት የእንጨት ወይም የአርማታ ቋሚዎች ናቸው፤ ጉንጉኑ የሚሞላው መሐሉን ነው።

እንክብካቤ

በዓመት አንዴ፣ ክረምቱ ሲወጣ ጥቅምት ላይ፣ ቤቱን ዙሩት። ከመሠረቱ ላይ የጭቃ ክር የሚመስል ነገር ወደ ላይ ከወጣ ምስጥ መንገድ እየሠራ ነው። ጥረጉት፣ ምንጩን ፈልጉ፣ መሠረቱ ላይ የተጠጋ አፈርና ማገዶ አርቁ። ኮርኒሱ ስር ወለል ላይ ነጭ ወይም ቢጫ ዱቄት ካያችሁ የትኛው ስንጥር እንደሆነ ለዩ።

የተነቀዘን ስንጥር ለመቀየር ክፈፉን ማፍረስ አያስፈልግም። ሁለቱን ጫፎች የያዘውን ሊስትሎ ፍቱ። አሮጌውን በቢላ መሐል ለመሐል ቆርጣችሁ በሁለት በኩል ሳቡት። አዲሱንና የታከመውን ስንጥር ለአንድ ሌሊት ውኃ ውስጥ አቆዩት፣ ጫፉን አሹሉ፣ ባዶውን መንገድ ተከትላችሁ አሳልፉት። በመዶሻ ጠጋ አድርጉትና ሊስትሎውን መልሱ። የተመረገ ግድግዳ ከሆነ መጀመሪያ በተበላሸው ስንጥር ዙሪያ ያለውን ጭቃ በውኃ አርሳችሁ አላቅቁ፤ ጭቃውን አትጣሉት፣ እንደገና አርሳችሁ ለዚያው ቦታ ትጠቀሙበታላችሁ።